ጡሩምባና ስልክ፦ የእድር ጥሪ እንዴት እንደኖረ

ባለፈው የእድራችን ጉባኤ «ቴሌግራም እያለ ለጡሩምባ ነፊ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ በይደር ቆይቷል። ከመወሰኑ በፊት የጥሪን ታሪክ ባጭሩ ብንጽፍ ይጠቅማል ብለናል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ለእኛ ቢጤው ግን ስልክ ማለት ለብዙ ዘመን ቴሌ ቢሮ ሄዶ ተራ መጠበቅ ነበር። ዱራሜ ወይም አንጋጫ ዘመድ ሲሞት ወሬው ሆሳዕና የሚደርሰው በእግረኛ፣ በገበያተኛ፣ ኋላም በመኪና ረዳት ነው። ከደረሰ በኋላ ሥራው የጡሩምባ ነፊው ነው። ሌሊት ተነሥቶ በየመታጠፊያው ይነፋል፤ የሟችን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በአማርኛም በሀዲይኛም ይለፍፋል። ጆሮው የከበደ አዛውንት የት ቤት እንዳለ ስለሚያውቅ በሩን ያንኳኳል። እንዲህ የሚያደርግ ስልክ እስካሁን አላየንም።

ሞባይል ሲመጣ እውነት ለመናገር ብዙ ነገር ቀለለ። ግን ይዘጋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ደግሞ፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ።

ይህ ለሀዲያና ለከምባታ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቻችን ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ድምፃቸውን የምንሰማው በኢሞና በዋትስአፕ ነው። ያን ጊዜ እናት ስልኳን ይዛ መዋል ብቻ ሆነ። መደበኛው ስልክ ስለሚሠራ፣ ክፉ ነገር ቢደርስ እዚያ ያሉት የሚደውሉት ለአንድ ዘመድ ነው፤ ዘመዱ ለእድር ዳኛ ይነግራል፤ ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው መርዶውን በወጉ ያረዳሉ። በደህናው ጊዜ ግን፣ ማን ያውቃል፣ እናት የልጇን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ተጽፎበት ፌስቡክ ላይ ልታይ ትችላለች። ፍጥነቱ ምን ይረባል?

ቴሌግራሙ ይቅር አንልም፤ ለመዋጮና ለስብሰባ ማስታወቂያ ደህና ነው። ለቀብር ጥሪ ግን አባላት በየመንደሩ ተከፍለው፣ የየቤቱ ስም በወረቀት ተጽፎ፣ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ተጠሪ ቢመደብና ጡሩምባ ነፊው ከተጠሪዎቹ ጋር ቢሠራ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ስልክ ቻርጅ አይደረግም፤ «አልሰማሁም» ያለውንም አባል ያን ጊዜ መቅጣት ይከብዳል። ሐሳቡ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይቀርባል፤ ለጡሩምባ ነፊው የእጅ ባትሪና የዝናብ ልብስ መግዣም አብሮ ይታይልን።