የጂኖቹ ወደብና ጎረቤቱ

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ በኩል ያለውን የስደተኞች መጠለያ፣ ቱነይድባን፣ አብዛኞቻችን ያወቅነው በ2021 መጀመሪያ ነው (ዘመኑ እዚህ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው በሃምዳይት ተከዜን የተሻገሩ ሰዎች ወደዚያ መወሰድ የጀመሩት ያኔ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ፣ ክረምት ሲገባ መኪና የሚይዝ ጭቃ። ባሕር የሚያስታውስ ነገር የለውም። ነገር ግን በምሥራቅ ሱዳን ንግዱም ስደቱም ዞሮ ዞሮ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል፤ እዚያም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ሱዋኪንና ፖርት ሱዳን ይገኛሉ።

በዚህ መስመር ላይ ያሉ ስሞች መንገደኛ መንገደኛ ይሸታሉ። ገዳሪፍ ድሮ ሱቅ አቡ ሲን፣ የአቡ ሲን ገበያ ትባል ነበር፤ የሹክሪያ ዘላኖች ባላባቶች ገበያ መሆኗ ነው። የዛሬው ስሟ ደግሞ ሲመሽ ገበያተኛውን ለመበተን ከሚጮኽ ቃል መጣ ይባላል፤ ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ እንደማለት።

የሱዋኪን ስም ግን ከሁሉም ይልቅ ተረት አለው፤ ተረቱም በእኛ በኩል ያልፋል። ከሐበሻ ለንጉሥ ሰሎሞን ሰባት ደናግል በመርከብ ይላካሉ። ነፋስ መርከቧን ገፍቶ ከአንዲት ደሴት ይጥላታል። ልጃገረዶቹ ጉዟቸውን ሲቀጥሉ ሁሉም አርግዘው ተገኙ። ማን? ጂን። ከዚያ ወዲህ ቦታው «ሰዋ ጂን»፣ ጂን ሠራው፣ ተባለ ይላሉ። የአገሩ ባለቤቶች ቤጃዎች ግን ከተማዋን ኡሱክ ይሏታል፤ ይህም ሱቅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ይያያዛል። እኔ የማደላው ለቤጃዎቹ ነው። ቢሆንም ተረቱን ያወሩት ሰዎች ከሐበሻ የመጣ መንገደኛ በደጃቸው ሲያልፍ ማየት የለመዱ ነበሩ። ኢየሩሳሌምን የሚሳለሙ የኢትዮጵያ መነኮሳት በመካከለኛው ዘመን በሱዋኪን በኩል ይሄዱ ነበር። ኦቶማኖችም በ1555 ያቋቋሙትን አውራጃ «ሐበሽ» አሉት፤ ምጽዋና ሱዋኪንም በዚያ ስር ሆኑ።

ሱዋኪን በጠባብ የባሕር ወሽመጥ ጫፍ ላይ ያለች ክብ ደሴት ናት። ቤቶቿ የተሠሩት ከባሕሩ በተፈለጠ የኮራል ድንጋይ ነው። ለሸራ ጀልባ የተመቸው ያ ጠባብ መግቢያ ለትልልቁ የእንፋሎት መርከብ አስቸገረ፤ ግራና ቀኙ የኮራል ዐለት ነውና። እንግሊዞች በ1885 ከሱዋኪን ወደ በርበር የባቡር ሐዲድ ጀምረው ወዲያው ተዉት። ከአትባራ ወደ ባሕሩ የተዘረጋው መስመር በ1906 ሲከፈት ግን ልባቸው በስተሰሜን ወዳለው መርሳ ሼኽ በርጉት ሄዶ ነበር። መርሳ መልሕቅ መጣያ ነው፤ በርጉት ደግሞ በዐረብኛ ቁንጫ። ስሙ መቃብራቸው እዚያ ካለ አንድ ሼኽ የመጣ ነው። በቁንጫ ስም የንጉሠ ነገሥት ወደብ አይከፈትምና ይመስለኛል፣ የእንግሊዞቹ ቢሮ «ፖርት ሱዳን» ብሎ ጻፈ። በ1909 የግብፁ ኸዲቭ አባስ ሂልሚ መረቁት። የሱዋኪን ነጋዴ ቀስ በቀስ ዕቃውን ጭኖ ተከተለ፤ የኮራሉ ቤት ሰው ሲያጣ ግድግዳው እየፈረሰ ሄደ።

ሐዲዱ በ1924 ከሰላ ገባ፤ በ1929 በገዳሪፍ አልፎ ሰናር ደረሰ። የገዳሪፍ ሰሊጥና ማሽላ ባሕር የሚወርድበት መንገድ በዚህ ተቃና።

መንገዱ ሰውም ጭኖበታል፤ አንዳንዴም በስውር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል ሰላዮች ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ባለው በአሩስ የባሕር ዳርቻ ጣሊያኖች የሠሩትን የመዝናኛ መንደር ተከራዩ። ቀን ቀን ጠላቂ ቱሪስት ያስተናግዳሉ፤ ሌሊት በገዳሪፍ አካባቢ ከተጠለሉት ቤተ እስራኤሎች ጥቂት ጥቂቱን በጭነት መኪና ወደ ዳርቻው ያወርዱ ነበር። ከነዚያ መጠለያዎች አንዱ ኡም ራኩባ ነበር። ራኩባ ዳስ ነው፤ ስሙ የዳስ እናት እንደማለት ይሆናል። ያው ኡም ራኩባ በ2020 መጨረሻ ለአዲስ ስደተኞች እንደገና ተከፈተ፤ ቱነይድባ የተከተለው እሱ አልበቃ ሲል ነው።

ሱዋኪንም አልሞተችም። በ1991 አዲስ ወደብ ተሠራላት፤ ወደ ጅዳ የሚሻገረው መንገደኛና ሐጃጅ ዛሬም ከዚያ ይሳፈራል። በ2023 ካርቱም በጦርነት ስትታመስ መንግሥቱ ፖርት ሱዳን ሲሰፍር፣ ባሕር ተሻግሮ ለማምለጥ የፈለገ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ አሮጌዋ ወደብ አዞረ። የ1991ዱ ወደብ የተሰየመው በኡስማን ዲግና ነው፤ በ1880ዎቹ ሱዋኪን ላይ ከመሸጉት እንግሊዞች ጋር ሲዋጋ በኖረው የማህዲስቶች የጦር አለቃ።