«ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ»፦ የመዝናኛ መርከብ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከማኅበራችን አባላት አንዳንዶቹ ለሽርሽር የሚሆን እቁብ ከጀመሩ ወዲህ በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ በመዝናኛ መርከብ መሄድ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም? አንዷ «ታይታኒክን አላያችሁም እንዴ?» ስትል ሌላዋ «እሱ የድሮ ነገር ነው» ትላለች። ሁለቱም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። ስለዚህ ለዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለማየት ሞክረናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመርከብ አደጋ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን «ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» የሚለው አባባል ነው። ሕግ ይመስለናል፤ ግን አይደለም። የባሕር ጉዞን ደህንነት በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም። አባባሉ ዝና ያገኘው በ1852 በርከንሄድ የተባለው የእንግሊዝ ወታደሮች መርከብ ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ በሰጠመ ጊዜ ነው። ወታደሮቹ ተሰልፈው ቆሙ፣ ሴቶቹና ልጆቹ በጀልባ ወጡ፣ ሁሉም ተረፉ። ከ400 በላይ ወንዶች ግን ሞቱ።

ይህ እውነተኛና የሚያኮራ ታሪክ ነው። ችግሩ ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው አለማንሳቱ ነው። በመስከረም 1854 አርክቲክ የተባለው የአሜሪካ የመንገደኛ መርከብ በካናዳ ጠረፍ በጭጋግ ውስጥ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጨ። ጀልባዎቹ ለሁሉም አይበቁም ነበር፤ ከሠራተኞቹና ከወንድ መንገደኞች ጉልበት ያለው ቀድሞ ገባባቸው። በመርከቡ ላይ ከነበሩት ሴቶችና ሕፃናት አንድም አልተረፈም። ከሞቱት መካከል የመርከቡ ድርጅት ባለቤት ሚስትና ልጆች ይገኙበታል። ገንዘብና ስም እንኳ በዚያች ሰዓት አልረዱም። ከተረፉት አብዛኞቹ የመርከቡ ሠራተኞች ነበሩ።

ታዲያ ልማዱ የቱ ነው፤ የበርከንሄድ ወይስ የአርክቲክ? በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሚካኤል ኤሊንደርና ኦስካር ኤሪክሶን፣ ይህንኑ ጠይቀው በ2012 መልሱን አሳትመዋል። 18 የመርከብ አደጋዎችንና ከ15,000 በላይ ሰዎችን መርምረው ያገኙት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚተርፉት የመርከቡ ሠራተኞች፣ ቀጥለው ካፒቴኖች፣ ከዚያ ወንድ መንገደኞች፣ ከዚያ ሴቶች፣ በመጨረሻም ሕፃናት መሆናቸውን ነው። የበርከንሄድና የታይታኒክ ታሪክ ከልማዱ የወጣ ነው። በ1994 ኢስቶኒያ የተባለችው መንገደኛ አመላላሽ መርከብ በባልቲክ ባሕር ስትሰጥም ከ989 ሰዎች የተረፉት 137 ሲሆኑ ከእነሱ ውስጥ ሴቶች 26 ብቻ ነበሩ።

ታይታኒክ ላይም ቢሆን ሴት ሁሉ እኩል አልቀደመችም። በእንግሊዝ የምርመራ ጉባኤ ቁጥር መሠረት፣ አንደኛ ማዕረግ ከተሳፈሩት 144 ሴቶች 140 ተረፉ። ሦስተኛ ማዕረግ ከነበሩት 165 ሴቶች ግን የተረፉት 76 ናቸው። የሦስተኛ ማዕረግ ልጆችማ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል አለቁ። እነዚህ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ ድሆች ነበሩ፤ ማደሪያቸው ከታች፣ ጀልባዎቹ ከላይ። ስደትን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቁጥር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ጀልባው ለምን አነሰ ለሚለው መልሱ የሚያስገርም ነው፤ ሕጉ አልተጣሰም። የእንግሊዝ ደንብ የጀልባ ቁጥር የሚወስነው በሰው ብዛት ሳይሆን በመርከቡ የቶን ልክ ነበር፤ የመጨረሻው እርከንም 10,000 ቶንና ከዚያ በላይ የሚል ነው። ታይታኒክ 46,000 ቶን ነበረች። ደንቡ የጠየቀው 16 ጀልባ ሲሆን እሷ 20 ይዛ ነበር። 20ዎቹ ቢሞሉ የሚይዙት 1,178 ሰው ነው፤ የተሳፈረው ከ2,200 በላይ። በ1914 ለንደን ላይ አገሮች ተሰብስበው የባሕር ላይ ሕይወት ደህንነት ስምምነትን ፈረሙ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የጀልባ ቦታ፣ ሌሊትም ቀንም የማይዘጋ ራዲዮ፣ የበረዶ ግግር ጥበቃ የመጡት ከዚያ ነው። ስምምነቱ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራል፤ የዛሬዎቹ መርከቦች ከመስጠም አንፃር ከድሮዎቹ ጋር የማይወዳደሩት በእሱ ምክንያት ነው።

ጀልባ መኖሩ ግን አንድ ነገር ነው፤ የሚያዘው ሰው ቦታው ላይ መገኘቱ ሌላ ነገር። ነሐሴ 1991 ኦሴአኖስ የተባለው የግሪክ የመዝናኛ መርከብ ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ በማዕበል መሀል ውሃ ገባበት። ለመንገደኞቹ ማንም ምንም አልነገራቸውም። በመርከቡ ላይ ሙዚቃ የሚጫወቱት ሞስ ሂልስና ባለቤቱ ትሬሲ፣ ከመድረክ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነገሩን ያወቁት ሠራተኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሲሯሯጡ በማየት ነው። መጀመሪያ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ጊታር እየመቱ ዘፈኑ። ቀጥለው ሰዉን ወደ ጀልባ ማውጣት ጀመሩ። በኋላ ሞስ ወደ ማዘዣው ክፍል ሲወጣ መኮንን የሚባል አላገኘም፤ ራዲዮውን አንስቶ ለእርዳታ የተጣራው ጊታር ተጫዋቹ ነው። ካፒቴኑ ብዙ መንገደኞች ገና ሳይወጡ በሄሊኮፕተር ሄዶ ነበር፤ ሲጠየቅም ማስተባበሩን ከየብስ ሆኜ እችላለሁ አለ። ሆኖም 571ዱም ሰዎች ተረፉ። የደቡብ አፍሪካ ሄሊኮፕተር አብራሪዎች ባይደርሱ ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር፤ ግን ከውስጥ ያስተባበሩት ዘፋኞቹና አዝናኞቹ ናቸው።

ከ20 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ነገር ጣሊያን ውስጥ ሆነ። ጥር 13 ቀን 2012 ከ4,200 በላይ ሰዎች የጫነችው ኮስታ ኮንኮርዲያ ከጂልዮ ደሴት ጥግ ጥግ ስትሄድ ዓለት ቀደዳት። ለመንገደኞቹ የተነገራቸው መብራት ተበላሸ የሚል ነው። መርከቡን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ በዚያ ጊዜ መርከቡ እያዘመመ ስለነበር በአንዱ ጎን ያሉትን ጀልባዎች ማውረድ አስቸጋሪ ሆነ። 32 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ ፍራንቼስኮ ስኬቲኖ ሰዎች ሳይወጡ መርከቡን በመልቀቁና በሌሎች ጥፋቶች 16 ዓመት ተፈረደበት። በዚያን ዕለት የተሳፈሩት ብዙዎች የአደጋ ጊዜ ልምምድ አልወሰዱም ነበር፤ ደንቡ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅድ ስለነበር ይህም ሕገ ወጥ አልነበረም። ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ ልምምዱ መርከቡ ሳይነሳ ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲሰጥ ግዴታ ሆኗል። ደወሉ ሲደወል «ቡና ይጠጣና» ብሎ መቅረት የለም ማለት ነው።

እንግዲህ መስጠምን በተመለከተ እኛ የደረስንበት ይህ ነው። በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በመዝናኛ መርከብ ተጉዘዋል፤ ከዚህ ብዛት አንጻር በመስጠም መሞት እጅግ የራቀ ነገር ነው። ሕመም ይቀርባል። በየካቲት 2020 ዮኮሐማ ወደብ ላይ በታገደችው ዳይመንድ ፕሪንሰስ ከ3,711 ሰዎች ከ700 በላይ በኮሮና ተይዘዋል። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስም በመርከብ ላይ ቶሎ ይዛመታል፤ ለእሱ በአልኮል ከመታሸት ይልቅ በሳሙናና ውሃ መታጠብ ይሻላል።

ለሴቶች ከሁሉ በላይ ልናነሳው የሚገባን ግን በፊልም የማይታየውን ነው። በአሜሪካ ለመንግሥት ከሚቀርቡት የመዝናኛ መርከብ የወንጀል ሪፖርቶች በብዛት የሚበልጠው የወሲብ ጥቃት ነው። መርከብ ተንሳፋፊ ከተማ ናት፤ ፖሊስ የሌላት ከተማ። ጠባቂዎቹ የድርጅቱ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ባንዲራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባሃማስ ወይም የፓናማ ነው። በ2004 አንዲት አሜሪካዊት ከመርከብ ላይ ጠፍታ ድርጅቱ ሳያሳውቅ ቀረ። አባቷ ሲፈልጋት ሌሎችም ልጃቸው፣ እህታቸው፣ ባላቸው የጠፋባቸው ቤተሰቦች እንዳሉ አወቀ፤ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችም ተጨመሩ፤ በ2006 ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። እንደ እኛው ከቤት የተጀመረ ማኅበር ነው። ምክር ቤት እየቀረቡ መሰከሩ፤ በ2010 ሕግ ወጣ። ሕጉ የሚጠይቀውን ብታዩት ቀላል ነው፦ በየመኝታ ክፍሉ በር ላይ ማን እንዳንኳኳ ከውስጥ የሚያሳይ ቀዳዳ፣ ቢያንስ 107 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጠርዝ መከላከያ፣ ለተጠቃች ሴት ማስረጃ መሰብሰብ የሚችል የሕክምና ባለሙያና መድኃኒት፣ ወንጀሉን ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ማሳወቅ፣ ቁጥሩንም ለሕዝብ መግለጽ። የበር ቀዳዳን የመሰለ ነገር እስከ 2010 ግዴታ አለመሆኑ አሁንም ያስገርመናል።

ሕጉ የሚመለከተው አሜሪካ ወደብ ላይ መንገደኛ የሚያሳፍሩ ወይም የሚያወርዱ መርከቦችን ነው። ከሮም ተነስቶ ግሪክን ዞሮ ወደ ሮም የሚመለሰው፣ ከዱባይም የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ሕግ ሥር አይወድቅም። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ እህቶቻችን ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የመርከቡ ባንዲራ የየት አገር እንደሆነና ወንጀል ቢፈጸም የሚመረምረው ማን እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጣችሁ።