የራስ ኃይሉ ምስል፦ የቤተሰብ ፎቶግራፍ እንደ ታሪክ ምስክር



በቀድሞ መኳንንት ቤተሰቦች ዘንድ ተጠብቀው የቆዩ ፎቶግራፎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሥርዓት አላቸው። ባለ ሥልጣኑ ካባውን ደርቦ ከመካከል ይቀመጣል፤ ልጆቹ በግራና በቀኝ፣ አሽከሮቹ ከኋላ ይቆማሉ። እንዲህ ያለው ምስል ስለ አንድ የአገር ገዢ ምን ይመሰክራል? ምንስ ይሰውራል? ለዚህ ጥያቄ የጎጃሙን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን በምሳሌነት እንመልከት።

አባታቸው ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ዘውዱ ለልጅ አልተላለፈም። ራስ ኃይሉ ጎጃምን ቢገዙም ንጉሥ አልተባሉም። ስለዚህ ልጆችን ከብቦ ፎቶግራፍ መነሣት ለእንዲህ ያለ ሰው ማስታወሻ ብቻ አልነበረም፤ የዘር መብትን ማሳያም ነበር።

ዘርና ጋብቻ ግን ኃይል እንደሚሆኑ ሁሉ አደጋም ይሆናሉ። የራስ ኃይሉ ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የልጅ ኢያሱ ባለቤት ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ፣ ራስ ኃይሉ ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ቢለወጥላቸውም ግዛታቸውንና ሀብታቸውን አጡ። በቤተሰብ ምስል የክብር ምልክት የሚመስለው ዝምድና፣ በፍርድ ቤት የክስ ምክንያት ሆነ።

በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር በአውሮፓ ጉብኝት ላይ የተነሡትም ፎቶግራፎች እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። ራስ ኃይሉና ራስ ስዩም መንገሻ በእነዚያ ምስሎች ክቡራን አጃቢዎች ናቸው። ነገር ግን ኃያላን መሳፍንትን ይዞ መሄድ፣ በሌሉበት አገር ቤት እንዳያምፁ መጠበቂያም ነበር።

ከሁሉ በላይ በምስሉ ውስጥ የሌለውን እንጠይቅ። በግብር ብዛት የተማረረው የጎጃም ገበሬ በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ቦታ የለውም። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ራስ ኃይሉ ለወራሪው ማደራቸውም ከፊታቸው አይነበብም።

ስለዚህ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ፎቶግራፍ ስትቀበሉ፣ ማን እንዳስነሣው፣ ማን የት እንደቆመ፣ በጀርባው ምን እንደተጻፈ፣ ከጠርዙ የተቆረጠ ሰው መኖሩንም መርምሩ። የባለ ምስሉን የልጅ ልጅ ትዝታ በአክብሮት መዝግቡ። ከዚያም የገባሩን የልጅ ልጅ ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ እርሱ የሚያሳያችሁ ፎቶግራፍ ላይኖረው ይችላልና፣ ቃሉን በእኩል ክብደት ጻፉለት።