አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችና የሥራ ዕቅድ፦ በካኩማ ከየት ይጀመራል?

አካል ጉዳተኛ ተማሪ ስለ ወደፊት ሥራው ሲያወራ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ተገልብጦ ነው የሚቀርብለት። «ዓይነ ስውር ምን ሊሠራ ይችላል?» ይባላል። መልሱ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። ለዓይነ ስውር መዝሙር ወይም መምህርነት፣ መስማት ለተሳነው ልብስ ስፌት፣ ዊልቸር ለሚጠቀም ጫማ መጠገን። ልጁ ሒሳብ ይወዳል ወይ፣ ከሰው ጋር መጫወት ይችልበታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዕቅዱ መጀመር ያለበት ከጉዳቱ ሳይሆን ከሥራው ነው። ይህ ሥራ በውስጡ ምን ምን ተግባር አለው? ከነሱ ውስጥ የሚያስቸግረኝ የቱ ነው? እሱስ በምን ይቀየራል?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እግሯ የማይታዘዝላት ተማሪ ልብስ ሰፊ መሆን ትፈልጋለች እንበል። እዚህ ካምፕ ያለው የስፌት መኪና አብዛኛው በእግር የሚረገጥ ስለሆነ «አይሆንላትም» ተብሎ ይዘጋል። ግን ሥራውን እንበታትነው፦ ልኬት መውሰድ፣ መቁረጥ፣ መስፋት፣ መተኮስ፣ ከደንበኛ ጋር ዋጋ መነጋገር። ችግር ያለው አንዱ ላይ፣ መርገጡ ላይ ብቻ ነው። በእጅ የሚዞር እጀታ ያለው መኪና አለ። አንዱ እጅ ስለሚያዝ ጠመዝማዛ ስፌት ላይ ያዘገያል፣ ለቀጥታ ስፌት ግን በቂ ነው። መብራት ወይም ሶላር ካለ ሞተር ይገጠምለታል፣ ሞተሩም በጉልበት ወይም በክርን እንዲነካ ተደርጎ ይስተካከላል። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ዝቅ ማድረግ ደግሞ የአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ «ማመቻቸት» እንለዋለን። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 ሲጸድቅ በአንቀጽ 27 ላይ የመሥራት መብትን ከዚሁ ማመቻቸት ጋር አያይዞ አስቀምጦታል። ኬንያ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብለውታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

አካል ጉዳተኛ ማነው?

ብዙ ልጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚጠፉት ጉዳታቸው ስለማይታይ ነው። በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ዋሽንግተን ግሩፕ የሚባሉት ጥያቄዎች ስድስት ናቸው፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ሐሳብ መሰብሰብ፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት። ጥያቄው «አካል ጉዳተኛ ነህ?» አይደለም፣ «ያስቸግርሃል ወይ? ምን ያህል?» የሚል ነው። ወላጆች ለመጀመሪያው «የለም፣ ደህና ነው» ይላሉ፤ ለሁለተኛው ግን «ማታ ማታ አያይም» ብለው ይነግሩሃል። እኛ መምህራንም በዓመቱ መጀመሪያ እነዚህን ስድስቱን ብንጠይቅ ሰሌዳው ስለማይታየው የሚረብሸውን ልጅ ከሰነፉ እንለየዋለን።

ትምህርት ቤት ሳለ መደረግ ያለበት

የኬንያ ፈተናዎች ምክር ቤት ለዓይነ ስውር ተማሪ በብሬል፣ ለደካማ እይታ በትልልቅ ፊደል የታተመ ፈተና ያዘጋጃል፤ ተጨማሪ ሰዓትም አለ። ይህ ሁሉ የሚገኘው ግን ተማሪው ለፈተና ሲመዘገብ ርዕሰ መምህሩ ካስመዘገበው ነው። በፈተናው ሳምንት ተጠይቆ አይገኝም። ስለዚህ ወላጅ ምዝገባው ሳይዘጋ ትምህርት ቤት ሄዶ «የልጄ ፍላጎት ተጽፏል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተጻፈውንም በዓይኑ ይይ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪዎች 10ኛ ክፍል ሲገቡ ከሦስት አቅጣጫ አንዱን ይመርጣሉ፦ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብና ስፖርት። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የገቡት በ2026 ነው። አካል ጉዳተኛውን «ለአንተ ይሄ ይቀልሃል» ብሎ ወደ አንዱ መግፋት እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ምርጫው በውጤቱና በፍላጎቱ ይሁን።

መስማት ለተሳናቸው ልጆቻችን አንድ ነገር በተለይ ልበል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና የኬንያ ምልክት ቋንቋ አንድ አይደሉም። አገር ቤት ተምሮ የመጣ ልጅ እዚህ አስተርጓሚ ቢመደብለት እንኳን ብዙው ያመልጠዋል፤ መምህሩም «አይገባውም» ይላል። የኬንያን ምልክት ቋንቋ ቶሎ ይማር፣ የራሱንም አይተው። ሁለቱን የያዘ ሰው ለድርጅቶች የሚፈለግ ሰው ነው። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ምልክት ቋንቋ ሳይማሩ በቤት ውስጥ ጥቅሻ ብቻ ያደጉ ልጆች አሉ። ለነሱ ሙያ ከማሰልጠን በፊት ቋንቋ ነው የሚቀድመው።

ስልክ እንደ መሣሪያ

ዓይነ ስውር ተማሪ ያለው ቤተሰብ አንድሮይድ ስልክ ካለው፣ ቶክባክ የሚባለው አንባቢ አብዛኛው ስልክ ውስጥ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ዋጋ የለውም። በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ለጥቂት ሰከንድ አብሮ መጫን ይከፍተዋል፤ ካልሆነ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ጋ ይገኛል። ከተከፈተ በኋላ ስልኩ የተበላሸ ሊመስላችሁ ይችላል። በአንድ ጣት ወደ ቀኝ እየጠረጉ መሄድ፣ መክፈት ሲፈለግ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መንካት ነው። ለኮምፒውተር ኤንቪዲኤ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን በ2006 የጀመሩት ነው፣ በነፃ ይሰጣል። አንዴ ፍላሽ ላይ ከተጫነ ከፍላሹ ራሱ ስለሚሠራ በየኮምፒውተሩ ዳታ ማቃጠል አያስፈልግም። መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ኢሜይል መላላክ የሚችል ዓይነ ስውር ደግሞ የቢሮ ሥራ መወዳደር ይችላል ማለት ነው።

ወረቀት

ይሄ አሰልቺ ክፍል ነው፣ ግን ሥራ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የኬንያ የስደተኞች ሕግ በ2021 ወጥቶ በየካቲት 2022 ሥራ ላይ ውሏል። ስደተኛ ሠርቶ መብላት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ ግን የትምህርት ማስረጃው በሚመለከተው አካል መታወቅ አለበት። ለተቀጣሪነት ክላስ ኤም የሚባለው የሥራ ፈቃድ አለ። ሱቅ ለመክፈት ደግሞ ከካውንቲው የንግድ ፈቃድ ይወጣል። ከካምፕ ወጥቶ ለቃለ መጠይቅ መሄድ የጉዞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ቀጠሮው እንደታወቀ ማመልከት ነው።

ከዚህ ሌላ የምዝገባ ፋይላችሁ ላይ የልጁ ጉዳት «ልዩ ፍላጎት» ተብሎ መመዝገቡን አረጋግጡ። ስትመጡ ሕፃን ከነበረና ጉዳቱ በኋላ ከመጣ፣ ራሳችሁ ካላሳወቃችሁ ማንም አይጽፍላችሁም።

ከአገር ቤት የ8ኛ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ወረቀት ያላችሁ ቅጂውን ስልክ ላይም ኢሜይል ላይም አስቀምጡ። ወረቀቱ መንገድ ላይ የቀረባችሁ ደግሞ በእጃችሁ የምታውቁት ሙያ ካለ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣኑን ትሬድ ቴስት መውሰድ ይቻላል። ሦስት ደረጃ አለው፤ ከታች ያለው ደረጃ 3 ነው። እየሠራህ ነው የምትፈተነው፤ ስለዚህ በቃል ትምህርት ያልቀናው፣ እጁ ግን የተባረከ ልጅ እዚህ ይወጣል። ለፈተናውም ምን እንዲመቻችልህ እንደምትፈልግ አስቀድመህ ጻፍ።

ሥልጠናና ሥራ

ካኩማ ውስጥ ዶን ቦስኮ የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። ማንኛውም ማሰልጠኛ ጋ ከመመዝገብ በፊት አንድ ቀን ሄዶ ማየት ይጠቅማል። በሩ ላይ ደረጃ አለ? ሽንት ቤቱ ዊልቸር ያስገባል? ከብሎክህ እስከዚያ በቦዳቦዳ ስንት ሽልንግ ነው፣ በየቀኑ? ብዙ ሰልጣኝ የሚያቋርጠው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን በትራንስፖርቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለሚያስቡ ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ አለ። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ከ1992 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ ስደተኛው ባለበት አገር እንዲማር ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ የማመልከቻው ጊዜ አጭር ስለሚሆን ወረቀት ቀድሞ ይዘጋጅ።

ድርጅቶች ውስጥ ያለው የኢንሴንቲቭ ሥራ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቢሆንም ለአካል ጉዳተኛ ወጣት የመጀመሪያውን የሥራ ልምድና የሚመሰክርለትን ሰው ያስገኝለታል። ማመልከቻ ላይ ጉዳቴን ልጻፍ ወይስ ልተው የሚል ጥያቄ ተማሪዎቼ ደጋግመው ያነሱብኛል። የኔ ሐሳብ፦ ሲቪ ላይ ችሎታህን ጻፍ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ግን የሚያስፈልግህን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገር፤ «ጥያቄዎቹ ቢነበቡልኝ»፣ «ምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ይዤ እመጣለሁ» ብለህ። ማስታወቂያው አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ የሚያበረታታ ከሆነ ደግሞ መደበቅ ጥቅም የለውም፣ ጻፈው።

እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁን ከቤት የማታወጡት አዝናችሁለት እንደሆነ እናውቃለን። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፣ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰደች። ሁሉም ልጅ እሷን ይሆናል ማለቴ አይደለም። ቤት ውስጥ ግን ሥራ ስጡት። ቡና ይፍላ፣ ከሱቅ ተልኮ መልስ ቆጥሮ ያምጣ፣ እንጀራ ከምትሸጡ ሒሳቡን ይያዝ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ሥራውን በትንንሹ ከፋፍሎ፣ ቅደም ተከተሉን በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማስለመድ ይቻላል።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ይህን ያዙ። ስኮላርሺፕ አስገባሃለሁ፣ ልዩ ፍላጎት አስመዘግብልሃለሁ፣ ዊልቸር አስፈቅድልሃለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.ና የአጋሮቹ አገልግሎት በነፃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባችሁ ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉ፤ የላከላችሁን መልእክት አታጥፉ። ይዛችሁ ወደ ቅሬታ መቀበያው ሂዱ።