ከባዶ እግር እስከ ወፍራም ሶል፤ የሩጫ ጫማ አመራረጥ ታሪክ



ጫማ ለብዙዎቻችን የክብር ነገር ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ጫማውን አስጠርጎ ወደ ቢሮው የሚገባው እግሩን ከጠጠር ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ለሯጭ ግን ጫማ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ገበሬ ማረሻውን ከአፈሩ ጠባይ ጋራ እንደሚያስማማ ሁሉ፥ ሯጭም ጫማውን ከመሬቱና ከሩጫው ዐይነት ጋራ ማስማማት ይኖርበታል። ዛሬ የምንናገረው ይህ ምርጫ በአገራችን ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ጫማ ካለማድረግ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ፥ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ፥ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ዘንድ በአንደኝነት ገባ። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም በ25 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ሯጮቹ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፥ ከአክሱም ተወስዶ በዚያ ቆሞ በነበረው ሐውልት አጠገብ አልፈዋል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው።

ይህን ድል ብዙ ሰው፥ በተለይም የውጭ አገር ጸሐፊ፥ የድህነት ተረት አድርጎ ይተርከዋል፤ ጫማ መግዣ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ የክቡር ዘበኛ ወታደር ደግሞ ጫማ የሚቸግረው ሰው አልነበረም። ለውድድሩ የቀረበው ጫማ ለእግሩ አልመች ስላለው፥ ቀድሞ በልምምድ የለመደውን ባዶ እግር መረጠ። ልክ ያልሆነ ጫማ ለአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ቢታገሡት ይቻል ይሆናል፤ በ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ ግን ተረከዝ ይልጣል፥ ጣት ውሃ ያስቋጥራል። እንግዲህ የሮማው ባዶ እግር ራሱ የጫማ ምርጫ ነበረ ማለት ነው።

አበበ የጫማ ጠላት እንዳልነበረ በኋላ ያደረገው ይመሰክራል። በሰኔ ወር 1953 ዓ.ም. በጃፓን አገር ለማይኒቺ ማራቶን በሄደ ጊዜ፥ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባሉት የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ራሳቸው ቀርበው ጫማቸውን አድርጎ እንዲሮጥ አግባቡት፤ እርሱም ተስማምቶ በጫማ ሮጦ አሸነፈ። (ያ ፋብሪካ ዛሬ አሲክስ የሚባለው ነው።) ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፥ ነጭ ካልሲና የፑማ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ተከታዩን የቀደመው ከአራት ደቂቃ በላይ ነበር።

በሌላው ዓለም የሩጫ ጫማ ታሪክ ከጎማ ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋራ በሙቀት አዋሕዶ ማጠንከርን ባያገኝ ኖሮ፥ በሙቀት የማይቀልጥ በብርድም የማይሰነጠቅ ሶል አይገኝም ነበር። በእንግሊዝ አገር በቦልተን ከተማ ጆሴፍ ፎስተር የተባለው ጫማ ሰፊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ውስጥ ከሥሩ ሹል ብረት የተተከለበትን ጫማ ይሠራ ነበር። በ1936 በበርሊን አራት ወርቅ ያገኘው ጄሲ ኦወንስ የጀርመኖቹን የዳስለር ወንድማማቾች ጫማ አድርጓል። ወንድማማቾቹ በኋላ ተጣልተው፥ አንዱ አዲዳስን ሌላው ፑማን በአንዲት ትንሽ ከተማ አቋቋሙ፤ የወንድማማች ጠብ ለሯጭ እንዲህ ይጠቅማል ብሎ ማን ያስብ ነበር? በ1970ዎቹም መጀመሪያ አሜሪካዊው አሠልጣኝ ቢል ባወርማን በባለቤቱ የቂጣ መጋገሪያ ብረት ላይ ጎማ አፍስሶ ፍርግርግ ሶል አወጣ።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ዋና ትምህርት አንድ ጫማ ለሁሉም ሩጫ እንደማይሆን ነው። በየዕለቱ ለሚደረገው ረጅምና ዝግ ያለ ሩጫ ወፈር ያለ፥ ተረከዝን የሚያሳርፍ፥ ቶሎ የማያልቅ ጫማ ያስፈልጋል። ለፈጣን ልምምድ ቀለል ያለ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በመቶ አንድ ያህል እንደሚጨምር ሊቃውንት መዝነውታል። ለመምና ለአገር አቋራጭ ጭቃ ሹል ያለው ስፓይክ አለ። ለውድድር ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ወዲህ በለስላሳ ሶል ውስጥ የካርቦን ዝርግ የተቀበረበት ጫማ ወጥቷል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለምን የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። ዋጋው 500 ዶላር ሲሆን፥ ሠሪዎቹ ራሳቸው የአንድ ውድድር ጫማ ነው ብለውታል።

ሶሉ እየወፈረ ቢሄድ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በጥር 2012 ዓ.ም. ወሰን አበጀለት፤ በጎዳና ሩጫ ከ40 ሚሊ ሜትር የወፈረ ሶል ተከለከለ። በዚያው በጥር ወር፥ በከተራ ዕለት፥ ደራራ ሁሪሳ የተባለው የአገራችን ሯጭ የሙምባይን ማራቶን በውሰት ጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አሸንፎ ነበር። ይኸው ሯጭ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በቪየና ማራቶን አንደኛ ሆኖ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጫማው ሲለካ ሶሉ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከውድድሩ በፊት በቅጹ ላይ ያስመዘገበው ጫማ የተፈቀደ ሲሆን፥ በሩጫው ዕለት ያደረገው ሌላ፥ ለልምምድ የሚሆነው ነበር። ድሉ ተሰርዞ ለኬንያዊው ለሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። ከሮማ እስከ ቪየና 61 ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳያደርግ የሮጠ ወገናችን ተሸለመ፥ በመጨረሻው አንድ ሳንቲ ሜትር የተረፈው ተነጠቀ። ይህን እንደ ግፍ የሚቈጥሩ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ደንቡ ለሁሉ የተነገረ ነበርና ዳኞቹ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። የሚያሳዝነው የልምምዱ ጫማና የውድድሩ ጫማ መለዋወጣቸው ነው።

ይህ ነገር በባሌ ደጋ ለሚሮጥ ወጣት ሩቅ አይደለም። በጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጠጠርና ድንጋይ የበዛበት ነው። የሮቤና የሲናና ሜዳ የስንዴ አገር፥ አፈሩ ጥቁር፥ ሲረጥብ የሚጣበቅ ነው። ከዚያ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ በሚወስደው መንገድ ዝቅ ሲባል ጎሮ ይገኛል። ያገሩ ገበሬ ገናና ቦና ብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ያዘምራል፤ ስለዚህ ጭቃውም ሁለት ጊዜ ይመጣል። ለከተማ አስፋልት የተሠራው የ500 ዶላር ጫማ በዚህ አፈር ላይ ጥቂት ቀን አይቆይም፤ ለስላሳው ሶል ጠጠር ይበላዋል፥ ጭቃ ሲይዘውም ቅለቱ ከንቱ ይሆናል። አንድ ጫማ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው የጎሮ ሯጭ፥ ወይም ከደመወዙ ቀንሶ ለታናሽ ወንድሙ የሚልክ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ጥርሱ ጠለቅ ያለ፥ ከጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት የሚተው የልምምድ ጫማ ቢመርጥ ይሻላል። ጫማ የሚለካውም ማታ ነው፤ እግር ቀን ሲቆምበት ውሎ ያብጣልና።

በጭቃ የራሰውንም ጫማ ምድጃ ዳር ማድረቅ ሙጫውን ያላቅቀዋል። በጥላ አስቀምጦ ውስጡን በወረቀት መጠቅጠቅ ነው፤ ለዚህም አንብበው የጨረሱት የባለፈው ሳምንት ጋዜጣ፥ ይህን ንግግር የያዘውም ቢሆን፥ በሚገባ ያገለግላል።