ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ጥይት አሞላል አጭር ታሪክ

በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ አገራችን ታሪክ ጥቂት እንድንጽፍ በተጠየቅነው መሠረት፥ ዘንድሮ ስለ ባሩድ ልናወጋችሁ አስበናል። «እድርንና ባሩድን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። በእኛ በመዘዞና በአካባቢዋ ጠብመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ዕቃ ነው። በለቅሶም በሠርግም ጥይት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። የተተኮሰ ቀለህ መልሶ መሙላትም ከአርበኝነት ዘመን ጀምሮ ሲነገር የምንሰማው ሙያ ነው። ታዲያ የባሩዱን ዓይነት ሳይለይ የሚሞላ ሰው ያለ ቀኑ ድንኳን ያስተክለናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የጥንቱ ባሩድ ጥቁር ባሩድ ነው። የሚሠራውም ከጨው ባሩድ፥ ከድኝና ከከሰል ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሲነግሡ ኃይላቸው በፈረሰኛና በጦር ብቻ ሳይሆን በነፍጥም ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስ ወደ ሸዋ ሲመጣ ካቀረበላቸው ገጸ በረከት ውስጥ 300 ጠብመንጃዎች እንደነበሩ ራሱ ጽፎታል። ቆየት ብሎም በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ ከ2,000 በላይ ጠብመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ደርሷል። ዳግማዊ ምኒልክን ግን እዚያ ስላላገኛቸው ወደ እንጦጦ መቀጠል ግድ ሆነበት።

በዚያ ዘመን በአገራችን ስመ ጥር የሆነው ጠብመንጃ ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፥ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በዓድዋም ዘምቷል። ጥይቱ እጅግ የተወደደ ስለነበር በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ አሞሌ ጨው፥ ማርትሬዛ ብርና የውጅግራ ጥይት ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር ማለት ነው። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ቀለህ አይጣልም።

ጥቁር ባሩድ ግን ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛ፥ ሲነድ ከግማሽ በላዩ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ስለሚቀር ተኳሹ ያለበትን ቦታ ለጠላት ይናገራል። ሁለተኛ፥ ጥላሸቱ እርጥበት ይስባል፤ በሙቅ ውኃ ያልታጠበ አፈሙዝ በዝገት ይበላል። ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ጢስ አልባ ባሩድ ሠርቶ ፈታው። ከ2 ዓመት በኋላም ለበን የምንለው የፈረንሳይ ጠብመንጃ በዚሁ ባሩድ ተሠርቶ ወጣ። አዲሱ ባሩድ በክብደት ቢመዘን ከጥቁሩ እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጉልበት አለው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! የታሪኩም የአደጋውም ቁልፍ ይኸው ነው።

በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩትን ጨምሮ የሸዋ አርበኞች ትልቁ ጭንቀታቸው ጥይት ነበር። ዋናው ምንጫቸው ከጠላት የሚማረከው ነው። እሱ ሲያልቅ ቀለህ እየለቀሙ፥ ባሩድ እየቀመሙ፥ እርሳስ እያቀለጡ ይሞሉ ነበር። እጃቸው ላይ ያለው መሣሪያ ደግሞ ድብልቅ ነው፤ ውጅግራም አለ፥ ምንሽርም አለ፥ ከጣሊያን የተማረከም አለ። ጥቁር ባሩድ ለአዲሱ ጠብመንጃ ቢሞላ ጉልበቱ ያንሳል፥ አፈሙዙም ቶሎ በጥላሸት ይደፈናል። ከሁሉ የከፋው ግን ግልባጩ ነው። ከአዲስ ጥይት የወጣ ጢስ አልባ ባሩድ በጥቁሩ ልክ ተሰፍሮ ውጅግራ ውስጥ ቢገባ፥ ብረቱ ለዚያ ጉልበት አልተሠራምና ፈንድቶ ባለቤቱን ይገድላል።

የእንግሊዝ ጥይት ደግሞ ሌላ ነበር። ውስጡን ለከፈተው ሰው ባሩዱ እንደ ክር የረዘመ ሆኖ ይታያል፤ ኮርዳይት ይባላል። ክሩ ቀለሁ አንገቱ ከመጥበቡ በፊት በፋብሪካ የሚገባ በመሆኑ፥ በተተኮሰ ቀለህ ውስጥ እንደነበረ አድርጎ መልሶ መክተት አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጢስ አልባ ባሩድ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይታወቃል፤ ዘንግና ድቡልቡል።

ዘንግ ባሩድ እንደ ሊጥ ተቦክቶ በወንፊት መሳይ ቀዳዳ ተጨምቆ ይወጣና ይቆራረጣል። ተቆራርጦ የተቀመጠ ስንደዶ ይመስላል። ብዙውም እንደ ስንደዶ መሐሉ ክፍት ነው። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ከውጭ እየነደደ ሲቀጥን ከውስጥ ደግሞ ቀዳዳው ስለሚሰፋ እሳቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይሄዳል። ጉድለቱ ስፍር ላይ ነው። በጣሳ ገለባ ስትሰፍሩ እንደማይረጋው ሁሉ፥ እሱም እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ክፍተት ይፈጥራል፤ አንዱ ስፍር ከሌላው ይለያያል።

ድቡልቡሉን እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሬድ ኦልሰን የተባለ ሰው አሜሪካ ውስጥ አወጣው። በውኃ ውስጥ ስለሚሠራ ለፋብሪካው አደጋው ያንሳል፥ ሥራውም ይፈጥናል፤ የቆየ ባሩድም አቅልጦ እንደገና መሥራት ያስችላል። እንደ ጎመን ዘር ስለሚንከባለል ስፍሩ እኩል ነው። ነገር ግን ድቡልቡል ነገር ሲነድ እያነሰ ስለሚሄድ እሳቱን የሚያዘገይ ቅባት ይቀባል። በዚህም የተነሳ ለመለኮስ ጠንከር ያለ እሳት ይፈልጋል። የቀድሞዎቹ ድቡልቡል ባሩዶች በሙቀትና በብርድም ከዘንጉ ይልቅ ይለዋወጡ ነበር። እኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በመዘዞ ውርጭ ያደረ ጥይት ጣርማ በርን ወርዶ በግማሽ ቀን ሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል እኮ!

ምርጫው የሰው ሕይወት ሲበላም ታይቷል። የአሜሪካ ኤም 16 ጠብመንጃ የተሞከረው በዘንግ ባሩድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን ጦሩ ጥይቱ በድቡልቡል እንዲሞላ ፈቀደ። መሣሪያው ከታሰበለት በላይ ፈጥኖ መተኮስ ጀመረ፥ ጥላሸቱም በዛ። በዚያ ላይ ጥይት የሚጎርሰው ክፍል በክሮም አልተለበጠም፥ የማጽጃ ዕቃም ለወታደሩ በበቂ አልታደለም። በቬትናም ቀለህ እየተቀረቀረበት መሣሪያውን ፈትቶ ሲታገል የሞተ ወታደር ተገኝቷል። የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 መርምሮ የባሩዱን መለወጥ ከጥፋቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ባሩዱ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ባሩድ የተሠራን መሣሪያ ሳያስተካክሉ በመሙላታቸው ነው።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለን፥ መልሳችን ባሩድ የሚመረጠው ለጠብመንጃውና ለቀለሁ ነው የሚል ነው። እኩል ስፍርና ፍጥነት ለሚፈልግ ፋብሪካ ድቡልቡሉ ይመቻል፤ ብርድና ሙቀት የሚፈራረቅበት ተኳሽ ዘንጉን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሁለቱም ግን ሠሪው በጻፈው ልክ፥ በሚዛን ይሞላሉ እንጂ በዓይን ግምት አይሞሉም። መልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ባሩዶች የአነዳደድ ፍጥነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላልና።

ስለዚህ አባላት ሆይ፥ አደራችን ይህ ነው። ከማይታወቅ ጥይት የወጣ ባሩድ ወደ ሌላ ቀለህ አይገልበጥ፤ ሁለት ዓይነት አይደባለቅ። የአያት ውጅግራ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ በአዲስ ባሩድ አይሞከር። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም መሣሪያንና ጥይትን በፈቃድ ሥር አድርጓልና፥ ከቤት የተገኘ ያረጀ ጥይት ለፖሊስ ማስረከቡ ከክስም ከሞትም ያድናል። ለቀስተኛም ቢሆን ሐዘኑን በእንባው ይግለጸው፤ ከአንድ ቀብር ሁለት ቀብር አናውጣ።

ቸር ይግጠመን።