ሐኑካን የማያውቁት አይሁዶች

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል መግለጥ ነው። ሁለተኛውና ብዙዎቻችን የምንዘነጋው፣ ሕዝቡ መቼ እንደሚጾምና መቼ እንደሚፈስክ መጠየቅ ነው። ዜና መዋዕል አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊ የሚያስጽፈው ነገር ነው። መጾምና ማክበር ግን ተሸናፊም ይችላል፤ እንዲያውም ከአሸናፊው በላይ ይጾማል። እስቲ ዛሬ የአይሁድን የበዓላት ዓመት አንድ ዙር እንዙረውና ጎንደር ላይ ስንደርስ ቆም ብለን እንጠይቅ፦ ቤተ እስራኤሎች ሐኑካን ለምን አያውቁትም ነበር? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ አቆጣጠሩ። የአይሁድ ወር ጨረቃን ይከተላል፤ 29 ወይም 30 ቀን ነው። 12ቱ ወራት ተደምረው 354 ቀን ገደማ ስለሚሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳሉ። ዝም ቢባል ፋሲካ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ከወቅቱ ይወጣ ነበር። ኦሪት ደግሞ ፋሲካን በእሸት ወር አክብሩ ይላል። ስለዚህ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ወር ይጨመራል። ይህ 19 የሚባል ቁጥር ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም። የእኛ ሊቃውንትም ወንበሩን በ19 አባዝተው፣ በ30 ገድፈው መጥቅዕን ያወጣሉ። መጥቅዕ ደግሞ በስሙም በትርጓሜውም የአይሁድን የመለከት በዓል የሚያስታውስ ነው። የነነዌ ጾም መቼ እንደሚገባ ለማወቅ የሚነሱት ከእርሱ ነው። የጎረቤታችንን በዓል ሳናውቀው የራሳችንን ጾም ስንቆጥርበት ኖረናል ማለት ነው።

ወደ በዓላቱ እንግባ። ዓመቱ የሚብተው በቲሽሪ ወር፣ በመስከረም አካባቢ፣ በሮሽ ሐሻና ነው። የአውራ በግ ቀንድ ይነፋል፤ መጪው ዓመት ጣፋጭ እንዲሆን ፖም በማር እየተነከረ ይበላል። ከዚያ እስከ አሥረኛው ቀን ያለው ጊዜ ሰው ራሱን የሚመረምርበት፣ ከተጣላው የሚታረቅበት ነው። አሥረኛው ቀን ዮም ኪፑር፣ የስርየት ቀን ነው። ለ25 ሰዓት ያህል እህልም ውኃም የለም። እስራኤል ውስጥ በዚያ ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ይዘጋል፤ መንገዱ መኪና አልባ ስለሚሆን ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። በ1973 ግብጽና ሶርያ ጦርነት የከፈቱት ይህንኑ ቀን መርጠው ነበር።

አምስት ቀን ሳይቆይ ሱኮት፣ የዳስ በዓል ይገባል። አባቶች በምድረ በዳ መንከራተታቸውን ለማሰብ ሰው ደጁ ላይ ዳስ ጥሎ ሰባት ቀን እዚያ ይመገባል። የማሳረጊያው ቀን ሲምሐት ቶራ ይባላል፤ ኦሪት አንብበው የጨረሱበትና እንደገና ከ«በመጀመሪያ» የሚጀምሩበት፣ መጽሐፉን ታቅፈው የሚጨፍሩበት ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 የሐማስ ጥቃት የደረሰው በዚህ ቀን ስለነበር፣ የደስታው ቀን ከዚያ ወዲህ የሐዘንም መታሰቢያ ሆኗል።

በኪስሌቭ 25 ሐኑካ ይመጣል። ይሁዳ መቃቢስና ወንድሞቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት መቅደሱን ከግሪኮች እጅ አስመልሰው ያነጹበት መታሰቢያ ነው። ስምንት ሌሊት መብራት ይበራል፤ በመጀመሪያው ምሽት አንድ፣ በመጨረሻው ስምንት። የአንድ ቀን ዘይት ስምንት ቀን ነደደ የሚለው ታሪክ ግን በመጻሕፍተ መቃብያን የለም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በተጠናቀረው ታልሙድ ነው የሚገኘው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

በአዳር ወር ፑሪም ነው። የአስቴር መጽሐፍ ይነበባል፤ የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ልጆች እየጮሁና እየረገጡ ስሙን ያጠፉታል። በኒሳን ፋሲካ ነው። እርሾ ያለበት ነገር ሁሉ ከቤት ተጠርጎ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ምሽት የቤቱ ታናሽ ልጅ «ይህች ሌሊት ከሌሎቹ በምን ትለያለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባት ከግብጽ መውጣታቸውን ይተርክለታል። ሰባት ሳምንት ተቆጥሮ ሻቩዖት፣ ኦሪት በሲና የተሰጠችበት ቀን ይከበራል። ክረምት ሲገባ በአብ 9 ስለ ሁለቱም መቅደሶች መፍረስ ይጾማል፤ መሬት ተቀምጠው ሰቆቃወ ኤርምያስ ያነባሉ።

አሁን ጎንደር ደረስን። ቤተ እስራኤሎች ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ዕብራይስጥ ሳያውቁ፣ ታልሙድ የሚባል መጽሐፍ ሳያዩ የራሳቸውን የበዓል ዓመት ጠብቀው ኖረዋል። የዓመቱን መባቻ ብርሃን ሠረቀ ይሉታል። የስርየት ቀኑ አስተስርዮ ነው (ከጥሩ አስተርእዮ ጋር እንዳታምታቱት)። የዳሱ በዓል በዓለ መጸለት ይባላል። ማዕረርን፣ ማለትም የመከሩን በዓል፣ 50 ቀን መቁጠር የሚጀምሩት ከፋሲካው ሳምንት ማብቂያ በኋላ ስለሆነ ከሌላው ዓለም አይሁድ ዘግይተው ያከብሩታል። በአምስተኛው ወር ስለ መቅደሱ ጥፋት ይጾማሉ። ፋሲካን ደግሞ ቂጣ በመብላት ብቻ አያልፉትም ነበር። ሌላው አይሁድ በ70 ዓ.ም. መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ መሥዋዕት ሲያቆም፣ የእነርሱ ቄሶች ኦሪት እንዳዘዘው የፋሲካውን በግ ማረዳቸውን ቀጥለዋል።

ሐኑካ ግን የለም። የፑሪም ፌሽታም የለም። ለምን?

የማኅበረሰቡ አባቶች መልስ ቀጥተኛ ነው፦ እኛ ከወገኖቻችን የተለየነው እነዚህ ነገሮች ከመደረጋቸው በፊት ነው፤ ያልደረስንበትን ድል እንዴት እናከብራለን? በሌላ ወገን እንደ ስቲቨን ካፕላንና ኬይ ሸለመይ ያሉ ተመራማሪዎች፣ የቤተ እስራኤል ሥርዓት ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በመካከለኛው ዘመን ገደማ፣ ከጎረቤቱ የክርስቲያን ገዳም ጋር ዜማና ጸሎት እየተወራረሰ ነው ይላሉ። ሁለቱ አይታረቁም። አንድ ነገር ላይ ግን ይገናኛሉ፦ ይህ ሕዝብ የተመራው በረቢዎች ሳይሆን በኦሪት ነው። ሐኑካ በኦሪት አልተጻፈም፤ የዘይቱም ተአምር እንዳልነው የታልሙድ ነው። የበዓሉ አለመኖር ስለ እምነታቸው ጉድለት ሳይሆን ስለተጓዙበት መንገድ የሚናገር ማስረጃ ነው።

ነገሩ የምሁራን ክርክር ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን አልቀረም። በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። በሱዳን መንገድ 4,000 ያህል ሰዎች ኢየሩሳሌምን ሳያዩ አለቁ። እንዲህ ሆኖ የደረሰው ሰው፣ ለጥርጣሬ ማስወገጃ በውኃ ተነክረህ ሥርዓት ፈጽም ተባለ። በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋና ረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ለዚህ ነው። ዘመናትን ሙሉ «አይሁድ ናችሁ» ተብሎ ርስት የተነፈገ ሕዝብ፣ አገሬ ብሎ የገባበት ቦታ «አይሁድ መሆናችሁ ያጠራጥራል» ሲባል ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይፍረድ።

በዓላቱም ተቀየሩ። የበጉ መሥዋዕት ቀረ። ማዕረር በሌላው አቆጣጠር ተተካ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሐኑካ መብራት ይዘው መጡ። አንድ በዓል ግን በተቃራኒው መንገድ ተጓዘ፤ እርሱም ስግድ ነው። ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር፣ ሕዝቡ ጾሞ እንደ አምቦበር ባሉ መንደሮች ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶች ጃንጥላ ተይዞላቸው ኦሪትን ያነባሉ፤ ነህምያ ሕዝቡን ሰብስቦ ቃል ኪዳን ያሳደሰበት ምዕራፍ ይነበባል፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል። ከሰዓት ሲወርዱ መብልና ጭፈራ ነው። በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን በሕግ የመንግሥት በዓል አደረገው። ከሌላው ብዙ የተቀበለ ሕዝብ አንድ ነገር ሰጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ከባድ ጥያቄ አለ። ስግድ የናፍቆት በዓል ነው። ኢየሩሳሌም ቁጭ ብሎ ኢየሩሳሌምን መናፈቅ እንዴት ይቻላል? አንዳንድ ወጣቶች ቀኑን የባህል ትርኢት፣ የነጭ ልብስና የእስክስታ ቀን ብቻ አድርገው ያዩታል። አባቶች ግን መልስ አላቸው፦ የናፈቅነው ድንጋዩን አልነበረም፤ ነህምያም ቃል ኪዳኑን ያሳደሰው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከስደት ከተመለሰ ሕዝብ ጋር ነው። አገር መግባት የጸሎቱ ማብቂያ አይደለም። ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ጉዞ ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦችም ስግድን ሲያከብሩ፣ ጸሎቱ ገና ለሁሉም እንዳልተመለሰ ያስታውሳሉ።

በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ሕዝብ አስከትለው በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተነስተው ነበር፤ ረሃብና በሽታ በመንገድ አስቀራቸው። የእነዚያ ሰዎች ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል ላይ በወርቅ ቀለም አልተጻፈም። ስግድ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሰገደው ስግደት ግን የእነርሱም ጭምር ነው። ሐኑካ የለህም ተብሎ የተጠረጠረ ሕዝብ፣ ሌላው ያልነበረውን በዓል ይዞ መግባቱን ያሳየበት ቀን ነው።